የሐሙሱ ዳዊት

በእኛ ሰፈር የእግዚአብሔር ስም የማይጠራበት ሰዓት የለም። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳው የሚጀምርበት። ሌሊት አሥር ሰዓት ገደማ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ይከፈታል። አዛኑ ይቀጥላል። እሑድ ረፋዱ ላይ ከቆርቆሮ አዳራሹ ኪቦርድና ጭብጨባ ይሰማል። የታክሲው መስታወት ላይ ጥቅስ ተለጥፏል። "እንዴት አደርክ?" ስትባል "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለህ፤ ሌሊቱን ሙሉ ጥርስህ ሲጠዘጥዝህ ቢያድርም መልሱ ያው ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ ጥርጣሬ መቀመጫ የለውም። ቡና ላይ ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል፣ ስለ ውሃ መጥፋት ይወራል፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ስለ ፖለቲካም ይወራል። "እግዚአብሔር መኖሩን እርግጠኛ አይደለሁም" ብሎ ሲኒውን የሚያስቀምጥ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። እኔም ብዬ አላውቅም። ግን ለረጅም ጊዜ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ዛሬም እንደ እናቴ እርግጠኛ ነኝ ማለት አልችልም። ይህን የምጽፈው ውስጥ ውስጡን የሚጠይቁ ብዙ ሰዎች አጠገቤ እንዳሉ ስለምጠረጥር ነው። ታክሲ ውስጥ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነጠላ አጣፍተው ከቆሙት መካከል ሳይቀር።

ልጅ ሳለሁ እምነቴ የእማዬ ነበር። ጾም ሲገባ ጾምኩ፣ ሲፈታ ፈታሁ። የነጠላዋን ጫፍ ይዤ ተሳለምኩ። የራሴ ነው ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ልጅ የሚበላው እንጀራ ከየት እንደመጣ እንደማይጠይቀው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ ስማርም አልተናጋሁም። ብዙ ሰው ሳይንስ እምነቴን ወሰደብኝ ይላል። የእኔን የነካው የአባዬ ኩላሊት ነው።

አባዬ ከስኳርና ከደም ግፊት ጋር ብዙ ዓመት ኖሯል። ሁለቱም ኩላሊትን ሳያሳውቁ የሚጎዱ በሽታዎች ናቸው፤ ምልክቱ ሲታይ ጉዳቱ ሩቅ ሄዷል። የኩላሊት እጥበት ጀመረ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በአንድ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል። ጨለማው ሳይገፈፍ ከቤት እንወጣለን። ኩላሊቱ ስለማይሠራ የሚጠጣው ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል። እግሩ ያብጣል፣ ሳንባው ውሃ ይይዛል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ የሚጠጣው ሁሉ ተለክቶ ተሰጠው። ጠዋት ትንሽ ሻይ፣ መድኃኒት መዋጫ አንድ ጉንጭ ውሃ፤ ከዚያ በኋላ በጥንቃቄ።

እማዬ ደግሞ ከእንጦጦ ማርያም ጠበል ታመጣለች። ጠበል የሚጠጣው ሆድ እስኪሞላ ነው። አባዬ ግን አይችልም። ስለዚህ በቡና ሲኒ ለካችለት። ከጄሪካኑ ወደ ሲኒው ስትቀዳ ጎንበስ ብላ ጠርዙን ታያለች፤ አንዲት ጠብታ እንድታልፍ አትፈልግም። አንድ ሲኒ ጠበል ከሰጠችው ከሻዩ ላይ አንድ ሲኒ ትቀንሳለች። ሐኪሙንም ማርያምንም ላለማስቀየም የምታደርገውን ጥንቃቄ ቆሜ አይ ነበር። አባዬ ሲኒዋን በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ያማትባል፣ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣታል። ከዚያ ባዶዋን ሲኒ ትንሽ ያያታል። ይጠማው ነበር። ሁልጊዜ ይጠማው ነበር።

በፍልሰታ ሰሞን ሞተ።

የእድሩ ድንኳን በብሎኮቹ መካከል ተተከለ። ሰው ጎረፈ፤ ሰፈራችን በለቅሶ አይታማም። "ፈቃዱ ነው።" "እግዚአብሔር የወደደውን ይወስዳል።" "አረፈ በል፣ ከስቃይ ተገላገለ።" የሚሉት ከቅን ልብ ነው። ግን አባዬ አጠገብ ባለው ወንበር ይታጠብ የነበረ ጎልማሳ ነበር። በዚያው ሰሞን እህቱ አንድ ኩላሊቷን ሰጥታው ዳነ። ቤተሰቦቹ "እግዚአብሔር ጸሎታችንን ሰማ" አሉ። ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ። ሌሊት ጋደም ስል ግን ጥያቄው መጣ። የነሱን ከሰማ የእኛን ምን አደረገው? እማዬ ከነሱ ያነሰ ጸልያ ነው? የዳነው ሲድን "ጸሎት ተሰማ"፣ የሞተው ሲሞት "ፈቃዱ ነው" ከተባለ፣ እግዚአብሔር ባይኖርስ ኖሮ ከዚህ የተለየ ምን እናይ ነበር?

ይህ ጥያቄ ዛሬም አልተመለሰልኝም። እንደተመለሰለት ሰው መጻፍ አልፈልግም።

በዚያ ድንኳን ምንም ያላለኝ አንድ ሰው ነበር። ከእኛ ሥር ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው፤ ሽማግሌ። ለሰላት ተነሥተው ይሄዳሉ፣ ተመልሰው እዚያው አጠገቤ ይቀመጣሉ። ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። ሻይ ሲመጣ ያቀብሉኛል። ማታ ሲነሡ ትከሻዬን ያዝ ያደርጉኛል። ሦስቱንም ቀን እንዲሁ። የእሳቸው ዝምታ ለምን እንደዚያ እንዳሳረፈኝ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ መጸለይ አቃተኝ። ቁጣ አልነበረም። አባታችን ሆይ ብዬ እጀምርና ቃሉ አፌ ላይ ይቀራል፤ ለማን እንደምናገር አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን መሄዱን አልተውኩም፤ እማዬን ብቻዋን መልቀቅ አልቻልኩም። ቅጥሩ ውስጥ ከዛፉ ሥር እቆማለሁ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ደግ ነው። ውስጥ ያልገባ ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ይቆማል፤ ለምን አልገባህም ብሎ የሚጠይቅህ የለም።

ሁለት የቅርብ ጓደኞች አሉኝ። አንደኛው ሁሉንም ትቷል። እግዚአብሔርን የፈጠረው የሰው ፍርሃት ነው ይለኛል። ሌላው ጌታን ከተቀበለ ወዲህ ጥያቄ የለውም፤ "አንተ ዝም ብለህ እመን፣ ቀሪው ይበራልሃል" ይለኛል። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ሁለቱም ግን ከጥያቄው ቶሎ እንድወጣ ነው የሚፈልጉት። እኔ ደግሞ መቆየት ነበር የፈለግኩት። አባዬ የሞተበት ጥያቄ ነው፤ እንዲሁ ተወርውሮ አይታለፍም።

የማስተምረው ባዮሎጂ ስለሆነ ሰው ጥርጣሬዬ ከድንቅነሽ የመጣ ይመስለዋል። ተማሪዎችም ይጠይቃሉ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ይዘናቸው ስንሄድ መስታወቱ ፊት መቆማቸው አይቀርም። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ነው፤ ዋናው አጥንት ተጠብቆ ይቀመጣል። አንድ ልጅ ሁሌም "ቲቸር፣ አዳም ታዲያ መቼ ነው?" ይላል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መስከረም 1 ቀን ቤተ ክርስቲያን ዘመኑን ስታውጅ ዓመተ ዓለምን፣ ከፍጥረት ጀምሮ ያለውን ዘመን፣ ትቆጥራለች። 5500 ዓመተ ፍዳ፣ በላዩ ላይ ዓመተ ምሕረት ይደመራል። 2017 ሲገባ 7517 ማለት ነው። ለአራት ሲካፈል አንድ ይቀራል፤ ስለዚህ ዓመቱ ዘመነ ማቴዎስ ሆነ። ሁለት ቢቀር ማርቆስ፣ ሦስት ቢቀር ሉቃስ፣ ምንም ባይቀር ዮሐንስ። ይህን ስሌት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። አባቶቻችን በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጡበት ጥበብ ነው።

ታዲያ 7517 እና 3.2 ሚሊዮን እንዴት አንድ ላይ ይቆማሉ? ብዙ አስቤበታለሁ። የደረስኩበት ቀላል ነው፤ የማይስማማበት ካለም አከብረዋለሁ። በትውፊታችን አዳም ከገነት ሲወጣ ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ አድንሃለሁ ተብሎ ተስፋ ተሰጠው። አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ይቆጠራል፤ 5500ው ዓመት የዚያ ተስፋ ቆጠራ ነው። የድንጋዩን ዕድሜ ለመለካት ሌላ መንገድ አለን፤ እሱን ክፍል ውስጥ ያለ ፍርሃት አስተምራለሁ። ሁለቱን በግድ አንድ ቁጥር ላድርግ ብዬ እንቅልፍ አላጣም። እንቅልፍ ያሳጣኝ የዘመን ስሌት አልነበረም።

እንደገና ያነቃኝ ነገር የመጣው ካልጠበቅኩት ቦታ ነው። ከጠበል ቦታ አልመጣም፤ ከስብከትም አልመጣም። ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ ካለው ቦይ ነው።

ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት ሲጀመር ቦዩ ውስጥ ውሃ ይተኛል። አረንጓዴ ነው፣ ይሸታል። ትንሽ በብልቃጥ ቀድቼ ደረቅ ሣር ጨምሬበት ለተወሰኑ ቀናት መስኮት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሣሩ ሲበሰብስ ባክቴሪያ ይራባል፤ ባክቴሪያውን የሚበሉት ደግሞ ይበዛሉ። ማይክሮስኮፓችን አሮጌ ነው፣ አንድ ብቻ ነው፣ ከሥሩ መስታወት ያለው። ለእኛ ሰፈር ይሄ ጥሩ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። መስታወቱን ወደ ደማቁ ሰማይ ማዞር ነው። ወደ ፀሐይዋ ግን አይዞርም፤ ዓይን ያጠፋል።

ተማሪዎቹ ተሰለፉ። አንድ ጠብታ መስታወቱ ላይ አደረግኩ። እንዳይሮጡ ትንሽ የጥጥ ክር ጨመርኩበት። ጎንበስ ብዬ አስተካከልኩና ፓራሚሲየም አገኘሁ። ይህች ፍጥረት ነጠላ ሕዋስ ናት። ርዝመቷ ቢበዛ የአንድ ሚሊሜትር ሲሶ ገደማ ነው። ዙሪያዋን በሺዎች በሚቆጠሩ ደቃቅ ፀጉሮች ተከባለች፤ በእነሱ ትቀዝፋለች። የጥጡ ክር ውስጥ ተይዛ ቆመች። ስትቆም በውስጧ ያለው ሁሉ ታየኝ።

አንድ ክብ ነገር አለ። ቀስ እያለ ይሞላል፣ ይነፋል፣ ከዚያ በአንዴ ይጨመቅና ይጠፋል። እንደገና ይጀምራል። ኮንትራክታይል ቫኪዩል የምንለው ነው። ሥራው ውሃ ማስወጣት ነው። ፓራሚሲየም የምትኖርበት ውሃ ከውስጧ ካለው የቀጠነ ስለሆነ ሳታቋርጥ ወደ ውስጥ ይገባባታል። ካላስወጣችው አብጣ ትፈነዳለች። ስለዚህ ትጨምቃለች፤ ቀንና ሌሊት፣ ሳታቋርጥ።

ይህን ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። ሰሌዳ ላይ ሥዬዋለሁ፣ ለፈተና አውጥቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ማንሣት አቃተኝ። አባዬ በትልቅ ማሽን፣ በሁለት መርፌ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ያገኘውን ነገር ይህች የቦይ ፍጥረት በአንዲት ቅንጣት ክበብ ትሠራዋለች። ሞላ፣ ተጨመቀ። ሞላ፣ ተጨመቀ። ያ ሲኒ ታየኝ። እማዬ ጠርዙን የምታይበት ዓይን ታየኝ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተሰማኝ። አንደኛው፣ "ይህን ማን አሰበው?" የሚል መገረም ነው። ሌላው፣ "ለዚህች ያልነፈግከውን ለአባዬ ለምን ነፈግከው?" የሚል ነው። አንዱ ሌላውን አላሸነፈም። አብረው ቆሙ።

"ቲቸር፣ ተራችን ነው" አሉኝ።

ተራ በተራ አዩ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ "ወይኔ፣ ይሄን ነው የምንጠጣው?" ይላል። አንዲት ዝምተኛ ልጅ አለች፣ ከኋላ የምትቀመጥ፤ እሷ ረጅም ጊዜ አየች። ቀና ስትል እንዲህ አለች፤ "ቲቸር፣ እግዜር ይሄን ሁሉ ለማን ብሎ ነው የሠራው? ማንም አያየውም እኮ።"

እውነቷን ነው። አንድ የሆላንድ የጨርቅ ነጋዴ፣ አንቶኒ ቫን ሌውንሁክ፣ በገዛ እጁ በሠራው ሌንስ የሐይቅ ውሃ እስኪያይ ድረስ ማንም አላያቸውም ነበር። ያ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1670ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ስንት ዘመን ሲጨምቁ ኖሩ! ማንም ሳያውቅ፣ ማንም ሳያደንቅ።

ልጅቷ መልስ ትጠብቃለች። "እኔም እጠይቀዋለሁ" አልኳት። ከአፌ ያመለጠ ነገር ነበር። ወደ ቤት ስሄድ ግን ያ ቃል አብሮኝ ሄደ። ጥያቄዎቼ ሁሉ "ለምን ነፈግከው"፣ "ምን አደረግከው" የሚሉ ናቸው። የሌለን ሰው እንዲህ አትወቅሰውም። ይህን ማስረጃ ነው አልልም፤ ያመነው ጓደኛዬ "አየህ!" ይለኛል፣ ያላመነው "ልማድ ነው" ይለኛል። ልማድም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወቀሳዬን ጮክ ብዬ ለመናገር ወሰንኩ። ሌሊት በረንዳ ላይ ወጥቼ፣ ከማሳው በኩል ጅቦቹ ሲጮኹ እየሰማሁ፣ የምለውን አልኩ። ጸሎት ነው ብዬ አልጠራሁትም።

የንስሐ አባታችን ቤት ጠበል ሊረጩ ሲመጡ እስከ ታክሲ ሸኘኋቸው። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ይሄዳሉ። ነገርኳቸው። መጀመሪያ የጠበቅኩትን መለሱ፤ "ይሄ የጠላት ፈተና ነው፣ ስገድ።" ዝም አልኩ። ዝምታዬ ያስታወቀባቸው መሰለኝ። ትንሽ ሄደን "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉኝ።

"ከአባዬ ወዲህ ነው፣ አባ።"

ቆሙ። "ኢዮብን አንብብ" አሉ። "መጀመሪያውንና መጨረሻውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። አንተ መካከሉን አንብብ።" ታክሲው መጣና ተሳፈሩ።

መካከሉን አንብቤ አላውቅም ነበር። ኢዮብ ሲባል እኔ የማውቀው "እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ" ያለውን ታጋሽ ሰው ነው። እሱ ሁለት ምዕራፍ ነው። መጽሐፉ 42 ምዕራፍ ነው። ከሦስተኛው ጀምሮ ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፣ ፍርድ ቤት እንዳለ ሰው እግዚአብሔርን ይከራከራል፣ መልስ ስጠኝ ይላል። ወዳጆቹ መጀመሪያ ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ከዚያ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ የሚሉትም ድንኳኑ ውስጥ የሰማሁትን ዓይነት ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የሚቆጣው በእነዚህ ለእሱ ጥብቅና በቆሙት ላይ ነው። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ይላቸዋል። የተከራከረው ቅን ተባለ። ይህን ሳነብ ከሥር ፎቅ ያሉት ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። የኢዮብ ወዳጆች ከሠሩት ሁሉ ደጉ ያ የዝምታ ሳምንት ነበር፤ እሳቸው ሳይነገራቸው አውቀውታል።

ደግሞ 38ኛውና 39ኛው ምዕራፍ አሉ። እግዚአብሔር ለኢዮብ መልስ ሲሰጥ ስለ መከራው አንድም ቃል አይናገርም። ስለ ባሕር በሮች፣ ስለ በረዶ መዝገብ፣ ስለ ሜዳ ፍየል መውለጃ ጊዜ ይጠይቀዋል። መካከል ላይ ሰው በሌለበት ምድረ በዳ ዝናብ የሚያዘንብ ማን ነው ይላል። ማንም በማይኖርበት፣ ማንም በማያየው ቦታ! ያቺን ተማሪ ወዲያው አሰብኳት። ጥያቄዋ እዚያ ተጽፏል። መልስ ግን አልተጻፈም፤ መልሱ ራሱ ጥያቄ ነው። ይህ ክፍል መጀመሪያ አናደደኝ። አባቱን የቀበረ ሰው ስለ ሜዳ ፍየል ምን ይጠቅመዋል? ደጋግሜ ሳነበው ግን ያ ማይክሮስኮፕ ላይ የተሰማኝን ስሜት አገኘሁበት። ኢዮብ ያጣው ሁሉ እንዳለ ነው፤ ዓለም ግን እሱ ካሰበው በላይ ሰፊ ሆኖ ታየው።

በነገራችን ላይ፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው ማክሰኞ ስሙ ቶማስ ነው። ካላየሁ አላምንም ያለው ቶማስ። ትንሣኤው በተከበረ በሁለተኛው ቀን ቤተ ክርስቲያን ቀን ሰጥታዋለች። ዕድሜዬን ሙሉ ዶሮና ዳቦ እየበላሁ ያለፍኩት ቀን ነው።

አሁን ወደ እማዬ ልምጣ። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ሙሉ ለሙሉ አልጠፋባትም፤ ፊደል ግን አትለይም። ይህ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው፤ ዳዊት ሳትደግም ውላ አታውቅማ። ዳዊት በሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ። ገጾቹ በጣቷ ወዝ ጠቁረዋል። "አንብብልኝ" አለችኝ።

እምቢ ማለት አይቻልም። ከትምህርት ቤት በፊት ሁሉንም ማዳረስ ስለማልችል ጠዋት ጥቂት፣ ማታ ጥቂት እያልኩ ማንበብ ጀመርኩ። ለእሷ ብዬ ነው የጀመርኩት። የሚገርመው የሰማሁት ነገር ነው። በሕፃንነቴ ከአጠገቧ ቁጭ ብዬ ስታነብ የሰማሁት ጉርምርምታ ውስጥ ለካ ይህ ሁሉ ነበር? ሰኞ ገና ከጠዋቱ "አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?" ይላል። እስከ መቼ ትረሳኛለህ ይላል። ሰኞ ነው! ሳምንቱ ሲጀምር! ይህችን ሴት ሳትጠራጠር የኖረች ነው የምላት። በየሳምንቱ፣ በየሰኞው፣ በገዛ አፏ "ለምን ተውኸኝ" ስትል ኖራለች።

ሐሙስ ደግሞ በግእዙ ቁጥር 87ኛው አለ። አብዛኞቹ የኀዘን መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ይመለሳሉ፤ "እኔ ግን ታመንኩብህ" ዓይነት ነገር ያመጣሉ። ይሄኛው አይመለስም። በቀንና በሌሊት ጮኽኩ ይላል፣ ለሙታን ተአምር ታደርጋለህን ይላል፣ ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ ይላል፤ ያልቃል። ማጽናኛ የለውም። መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ገጽ የዘለልኩ መስሎኝ ወደ ኋላ ተመለስኩ። አልዘለልኩም።

"እማዬ፣ ይሄ እንዲህ ሆኖ ነው የሚያልቀው?" አልኳት።

"አዎ፣ እንዲያ ነው።"

"ይሄን ስትደግሚ ምን ትያለሽ?"

መቁጠሪያዋን አስቀመጠች። "ድሮ አፌ ነበር የሚለው" አለችኝ። "አባትህ ሲሞት ልቤም አለው። እኔ እንዲህ ብዬ ልናገረው አልደፍርም ነበር። ተጽፎ ካለ ግን ምን አደርጋለሁ? አነበብኩት።" ትንሽ ቆይታ "አንተ ቀጥል፣ ሰዓት እንዳይሄድብህ" አለች።

እማዬም ጠይቃለች ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ሌሊት፣ ከግድግዳው ወዲያ። እኔ በረንዳ ላይ ብቻዬን የተከራከርኩ መስሎኝ ነበር። እሷ ሐሙስ ሐሙስ ተከራክራለች፤ ከዚያ ዓርብን ቀጥላለች። የእሷ እምነት ከእኔ የሚለየው ጥያቄ ስለሌለው አይደለም። ጥያቄውን ይዛ ወደ ሚቀጥለው ቀን ንባብ ስለምትሄድ ነው። እኔ ጥያቄው እስኪመለስ ድረስ ቆሜ ነበር የጠበቅኩት።

ልጁ ታሞበት ወደ ኢየሱስ የመጣ አንድ አባት በማርቆስ ወንጌል አለ። "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" ይላል። ልጁ ተፈወሰለት። የእኔ አባት አልተፈወሰም። ቢሆንም የዚያ ሰውዬ ቃል ከማውቃቸው ጸሎቶች ሁሉ አፌ ላይ የማይቀር እሱ ብቻ ነው። ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ፣ የረር ጀርባ ሲቀላ፣ እለዋለሁ። አንዳንድ ቀን የመጀመሪያው ግማሽ ይከብደኛል። ያን ቀን ሁለተኛውን ብቻ እላለሁ።

የእማዬ ዓይን ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሞራ ዛሬ ቀላል ኦፕራሲዮን ሆኗል፤ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ይገባል፣ ብዙ ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይመለሳል። ስነግራት ደስ አላት። "በል እንግዲህ፣ ከዚያ በኋላ ራሴ አነባለሁ፣ አንተም ታርፋለህ" አለችኝ።

ሐሙሱን ለእኔ ተይልኝ አልኳት። ፊቴን ለማየት ሞከረች። "ሐሙስ ረጅም ነው እኮ፣ ሠላሳ ነው" አለች። አውቃለሁ አልኳት። "እንግዲያው ሰኞንም ውሰድ" አለች። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አለብኝ፤ ቀደም ብዬ እነሣለሁ አልኳት።